«የእኛን ዘርፍ አታውቅም»፦ ሊና ናየር ከሳሙና ወደ ሻኔል እንዴት ተሻገረች?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ የሰው ሀብት ሥራ አስኪያጅ ሲፈልግ ከፈታኞቹ አንዱ ነበርኩ። ከአመልካቾቹ አንዷ 11 ዓመት ሆቴል ውስጥ ሠርታለች። የሦስት ፈረቃ ሥራ ታውቃለች። የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ተቀምጣለች። ደመወዝ በዘገየበት ወር ሠራተኛውን አረጋግታ ሥራው እንዳይቆም ያደረገች ሴት ናት። ጣልናት። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ምክንያት አንድ መስመር ነው፦ «የማኑፋክቸሪንግ ልምድ የላትም»። እኔም ፈርሜያለሁ።

የቀጠርነው ሰው ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ነው። በስምንተኛው ወር ለቀቀ። በእነዚያ ስምንት ወራት የሌሊት ፈረቃን አንድ ቀን እንኳ ወርዶ አላየም።

ያ ፊርማ እስካሁን ይቆጨኛል። አንድ የሰው ሀብት ባለሙያ ከአንዱ ዘርፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ይዞት የሚሄደው ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከማመላለስ በአንድ እውነተኛ ሰው ጉዞ ልየው አልኩ። የመረጥኩት የሊና ናየርን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዜናው

ዲሴምበር 14 ቀን 2021 ሻኔል የተባለው የፈረንሳይ የፋሽንና የሽቶ ቤት ሊና ናየርን አዲሷ ዓለም አቀፍ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አድርጎ ሰየመ። የፋሽን ዓለም ሰዎች ብዙዎቹ ስሟን ሰምተው አያውቁም። ልብስ ሠርታ፣ ቦርሳ ሸጣ አታውቅም። 30 ዓመት የሠራችው ዩኒሊቨር ውስጥ ነው። ኦሞን፣ ላይፍቦይን፣ ሰንላይትንና ክኖርን የምናውቅለት፣ እኛም አገር ዱከም ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ ፋብሪካ የከፈተው ኩባንያ ማለት ነው።

ከሳሙና ወደ ቅንጦት ዕቃ መሻገር ራሱ አዲስ አልነበረም። አንቶኒዮ ቤሎኒ በ2001 ከሌላው የሳሙና ኩባንያ ከፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የሉዊ ቪቶን ባለቤት ወደሆነው ኤልቪኤምኤች ሄዷል። ፋብሪዚዮ ፍሬዳም በ2008 ከዚያው ኩባንያ ወደ መዋቢያ አምራቹ ኤስቴ ላውደር ተሻግሯል። እነሱ ግን ገበያ የመሩ፣ ትርፍና ኪሳራ በስማቸው የተመዘገበ ሰዎች ነበሩ። ሊና የሰው ሀብት ኃላፊ ነበረች። አዲስ የሆነው ይህ ነው።

ከምህንድስና ወደ ፐርሶኔል ቢሮ

የተወለደችው በ1969 በምዕራብ ህንድ፣ ኮላፑር በምትባል ከተማ ነው። መጀመሪያ ያጠናችው የኤሌክትሮኒክስ ምህንድስና ነው። ከዚያ መንገዷን ቀየረችና አገሪቱን አቋርጣ በምሥራቅ ወዳለችው ጃምሼድፑር ሄደች።

ጃምሼድፑር የታታ ብረት ከተማ ናት። እዚያ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በ1949 የመሠረቱት ኤክስኤልአርአይ የሚባል ትምህርት ቤት አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነትን በማስተማር የታወቀ ነው፤ ያደገውም በብረት ፋብሪካና በሠራተኛ ማኅበራት ጎረቤትነት ነው። ይህን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። እኛ አገር ብዙዎቻችን ሰው ሀብትን የተማርነው እንደ ማኔጅመንት አንድ ምዕራፍ ነው። ሥራ ስንጀምርም የጠበቀን ማኅደር፣ የዓመት ፈቃድ ቅጽና የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። እሷ የተማረችበት ቦታ ግን ሙያውን ገና ከጅምሩ ከፋብሪካው ወለል ጋር ያገናኘው ነበር።

በ1992 በወርቅ ሜዳሊያ ተመርቃ በዚያው ዓመት የዩኒሊቨር የህንድ ኩባንያ የሆነውን ሂንዱስታን ሊቨርን ተቀላቀለች። የማኔጅመንት ሠልጣኝ ሆና ነው የገባችው። በ1993 የሊፕተን ሻይ ፋብሪካ የፐርሶኔል፣ ማለትም የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆነች። በእነዚያ ዓመታት ኮልካታ፣ አምባቱርና ታሎጃ ያሉ ፋብሪካዎች ውስጥ ሠርታለች። ሦስቱ ከተሞች በጣም ይራራቃሉ፤ የሚነገርባቸው ቋንቋም ይለያያል።

ሽንት ቤቱና የሌሊት ፈረቃው

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለእኔ የታሪኩ እምብርት እዚህ ነው።

ሊና ስለ ጅምሯ ስትናገር ደጋግማ የምታነሳው ነገር አለ። በሄደችባቸው ፋብሪካዎች የሴቶች ሽንት ቤት አልነበረም። እሷ ስትመጣ መሠራት ነበረበት። «የሊና ሽንት ቤቶች» ተብለው ይጠሩ እንደነበር ትናገራለች። በኩባንያው ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የሠራች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት። በዚያን ጊዜ የ1948ቱ የህንድ የፋብሪካዎች ሕግ ሴት ሠራተኞች ሌሊት እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። ስለዚህ ሌሊት በማሽኖቹ መካከል የምትዘዋወር ሴት ኃላፊ ማየት ለወንዶቹ ምን ያህል እንግዳ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

ፋብሪካ የሠራ ሰው የሌሊት ፈረቃን ያውቃል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የምታየው ድርጅት ቀን ላይ የምታየው አይደለም። ካፍቴሪያው ተዘግቷል። ክሊኒኩ ውስጥ ማንም የለም። ሱፐርቫይዘሩ ቀን ላይ የማይናገረውን ይናገራል። የደከመ ሰው ማሽን ላይ እጁን የሚያጣው በዚህ ሰዓት ነው። ሰርቪሱ ንጋት ላይ ሲዘገይ ሠራተኛው ስለ ድርጅቱ የሚለውን መስማት ከፈለግክ እዚያው ቆመህ መጠበቅ አለብህ። ቢሮ ውስጥ የሚሞላ የሠራተኛ እርካታ መጠይቅ ይህንን አይነግርህም።

በእኛ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሴትን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው። ሌሎቹ ሴቶች ግን ይሠራሉ። ጨርቃ ጨርቅና ልብስ ስፌት ፋብሪካዎቻችን በሴቶች የተሞሉ ናቸው። ስንቱ የሰው ሀብት ኃላፊ ነው በዚያ ሰዓት ወለሉ ላይ ቆሞ ያደረው? ጥያቄው እኔንም ይመለከታል። ሌሊት የወረድኩባቸውን ቀናት ብቆጥር ሁለት እጄን አይሞሉም።

ሊና ከዚያ ተነስታ ደረጃ በደረጃ ወጣች። በ1996 የሠራተኛ ግንኙነት ኃላፊ ሆነች። በ2000 የሰው ሀብት ሥራ አስኪያጅ፣ በ2004 ደግሞ የቤትና የግል ንጽሕና ምርቶች ዘርፍ የሰው ሀብት ጄኔራል ማናጀር ሆነች። በ2007 የሰው ሀብት ዳይሬክተር ሆና የኩባንያው ማኔጅመንት ኮሚቴ ውስጥ ገባች። ኩባንያው በህንድ ከተመሠረተ ከ1933 ጀምሮ እዚያ ኮሚቴ ውስጥ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት።

ሰዎች ይህን ሲያነቡ «አንድ ቤት ነው የቆየችው» ይላሉ። እውነት ነው። ግን የሻይ ፋብሪካ፣ የሳሙና ፋብሪካና የዋና መሥሪያ ቤት ድርድር አንድ ሥራ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹን መሻገሮች የተማረችው እዚያው ውስጥ ነው፤ ደመወዟና ስሟ ሳይናጋ። በየሁለት ዓመቱ ድርጅት እየቀያየረ ሲቪው ላይ አምስት ዘርፍ ያሰፈረ ወጣት ባለሙያ ሲገጥመኝ ይህን ልነግረው እፈልጋለሁ። ዘርፍ መቁጠር ብቻውን የትም አያደርስም። የወሰንከው ውሳኔ ፍሬውን ወይም ጉዳቱን ሲያሳይ ቦታው ላይ ቆይተህ ማየት አለብህ። ለዚህ ሁለት ዓመት አይበቃም።

የታጅ ሌሊት

ኖቬምበር 26 ቀን 2008 ሙምባይ ውስጥ በታጅ ማሃል ሆቴል ሂንዱስታን ዩኒሊቨር የእራት ግብዣ አዘጋጅቶ ነበር። ተሰናባቹና አዲሱ የዩኒሊቨር ዓለም አቀፍ ዋና ሥራ አስፈጻሚዎች፣ የኩባንያው ኃላፊዎችና የትዳር ጓደኞቻቸው ነበሩ። ሊናም አለች። ታጣቂዎች ሆቴሉን ወረሩት።

መጀመሪያ ላይ ድምፁ የሠርግ ርችት መስሏቸው ነበር። ግብዣውን ያስተናግዱ የነበሩት 35 ያህል የሆቴሉ ሠራተኞች ናቸው። የምትመራቸው የ24 ዓመት ወጣት ናት። አደጋው ሲገባት በሮቹን አስቆለፈች። መብራት አስጠፋች። እንግዶቹ ጠረጴዛ ሥር እንዲተኙና ሞባይል እንዳይነኩ ነገረቻቸው። ባልና ሚስት አንድ ቦታ እንዳይሆኑ አደረገች፤ አንዱ ቢጎዳ ልጆቹን የሚያሳድግ ሌላው እንዲተርፍ። ሠራተኞቹ ሌሊቱን ሙሉ በጨለማ እየተዘዋወሩ ውኃ ያቀርቡ ነበር። ንጋት ላይ ኮሪደሩ በእሳት ሲያያዝ እንግዶቹ በመስኮት ወጥተው በእሳት አደጋ መሰላል ወረዱ። ሠራተኞቹ እንግዶቹን አስቀድመው ነው የወጡት። ከዚያ አዳራሽ ማንም አልሞተም።

እዚያ ጠረጴዛ ሥር የነበሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን የሚያዙ ሰዎች ናቸው። ያተረፈቻቸው በደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ታች የምትቀመጥ ወጣት ናት።

ታሪኩ በኋላ በማኔጅመንት ትምህርት ቤቶች በሰፊው ተጠንቷል። ታጅ ሠራተኞቹን ከትናንሽ ከተሞች መመልመልን የሚመርጥ፣ ከማርክ ይልቅ ጠባይን የሚያይ ድርጅት ነው። አዲስ ሠራተኛ በዚያን ጊዜ 18 ወር ይሠለጥን ነበር፤ በሆቴል ሥራ የተለመደው 12 ወር ነበር። ሠራተኛው እንግዳን ለመርዳት አለቃን ሳይጠይቅ እንዲወስን ነው የሚሠለጥነው። በዚያ ሌሊት የታየው የቅጥርና የሥልጠና ውጤት ነው። ከሳሙና ኩባንያ የመጣች የሰው ሀብት ዳይሬክተር የሆቴል ዘርፍ ያፈራውን ምልመላ በገዛ ነፍሷ አየችው ማለት ነው። እኔ ደግሞ በፊርማዬ የመለስኳት ሴት ከሆቴል የመጣች ናት።

ለንደን

በ2013 ወደ ለንደን ተዛወረች፤ በ2016 የዩኒሊቨር ዓለም አቀፍ የሰው ሀብት ዋና ኃላፊ ሆነች። በዚያ ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴትና የመጀመሪያዋ እስያዊት ናት። 150,000 ያህል ሠራተኛ በእሷ እጅ ገባ። ዩኒሊቨር ማርች 2020 ላይ ከሥራ አመራሩ ግማሹ ሴቶች መሆናቸውን አስታወቀ። በ2010 ድርሻቸው 38 በመቶ ነበር። ሥራው ከእሷ በፊት የተጀመረ ስለሆነ ሁሉንም ለእሷ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ሌላም ሞክረዋል። «ዩ-ወርክ» በሚባለው አሠራር ሠራተኛው ቋሚ የሥራ መደብ የለውም፤ ግን በየወሩ መነሻ ክፍያና ጥቅማ ጥቅም ያገኛል፣ ሥራ ሲወስድ ደግሞ ለሥራው ይከፈለዋል። ኒውዚላንድ ውስጥ 81 ሠራተኞች ደመወዛቸው ሳይቀነስ በሳምንት አራት ቀን እንዲሠሩ ተደርጓል። ጃንዋሪ 2021 ላይ ደግሞ ኩባንያው ዕቃና አገልግሎት በቀጥታ የሚያቀርቡለት ድርጅቶች ሠራተኞች በ2030 ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ እንዲያገኙ ቃል ገባ።

የማልስማማበትም አለ። ከ2016 ጀምሮ ዩኒሊቨር ወጣት አመልካቾችን በኮምፒውተር ጨዋታና በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ማጣራት ጀመረ። ቪዲዮውን መጀመሪያ የሚያየው ሶፍትዌር ነው። በየዓመቱ ከሚሊዮን በላይ ማመልከቻ ለሚመጣበት ኩባንያ ጊዜ እንደሚያተርፍ ይገባኛል። ግን የሶፍትዌሩ አምራች የፊት ገጽታን የመተንተን ሥራውን ከብዙ ትችት በኋላ ማቆሙን በ2021 መጀመሪያ ላይ አስታውቋል። እስከዚያ ድረስ ፊታቸው ተለክቶ የወደቁ ወጣቶች ለምን እንደወደቁ የሚነግራቸው ሰው አልነበረም። በሌሊት ፈረቃ ሰው ዓይን ለዓይን ያየች ባለሙያ በመራችው ክፍል ይህ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ሻኔል ምን አየባት?

ሻኔል የአክሲዮን ገበያ ላይ የለም። የአለንና የዤራር ቨርትሃይመር ወንድማማቾች ንብረት ነው። ከ2016 ጀምሮ ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ይዞ የነበረው አለን ራሱ ነው፤ ሊና ስትሾም የቦርዱ ሊቀ መንበር ሆነ። ስለዚህ ውሳኔው የባለቤት ውሳኔ ነው። በየሩብ ዓመቱ ትርፍ ቆጥሮ የሚያፋጥጠው ባለአክሲዮን የለበትም። ዘርፍ ለሚሻገር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለመማሪያ ጊዜ ይሰጣል። ዋና መሥሪያ ቤቱም ለንደን ስለሆነ አገር መቀየር አላስፈለጋትም።

ሁለተኛው ነገር የሻኔል ሀብት ምን እንደሆነ ነው። ፓሪስ ውስጥ ለ19ኤም የሚባል ሕንፃ አለ፤ የተከፈተው ሊና ሥራ በጀመረችበት ወር በጃንዋሪ 2022 ነው። የሌሳዥ ጥልፍ ሠሪዎች፣ የለማሪዬ ላባና አበባ ሠሪዎች፣ የማሳሮ ጫማ ሠሪዎች እዚያ ይሠራሉ። እነዚህ እጆች በአንድ ዓመት ሥልጠና አይገኙም። ጥልፍ ሠሪዋ ጡረታ ስትወጣ የምትተካት ከሌለች የቤቱ ስም አብሯት ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት ኩባንያ ሰውን የማቆየትና የማሳደግ ሥራ የገባውን መሪ ቢፈልግ አይገርምም። ፋሽኑን የሚመራ ሌላ ፕሬዚዳንት ነበረው። ሊና ጨርቅ እንድትመርጥ አልተጠበቀም።

መጀመሪያ ያደረገችው መዞር ነው። ሱቆቹን፣ የእጅ ሥራ ቤቶቹንና ማምረቻዎቹን እየዞረች ሠራተኛውን አዳመጠች። የሴቶችን ኑሮ ለማሻሻል የሚሠራው የሻኔል ፋውንዴሽን ዓመታዊ በጀት ከ20 ሚሊዮን ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር አደገ።

የገንዘቡን ነገርም እንየው። ገቢው በ2021 15.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2022 17.2፣ በ2023 19.7 ቢሊዮን ደረሰ። በ2024 ወደ 18.7 ቢሊዮን ወረደ፤ ከሥራ የተገኘው ትርፍ ደግሞ በ30 በመቶ ቀነሰ። የቻይና ገበያ ቀዝቅዟል፤ የቦርሳዎቹ ዋጋ በተከታታይ ተሰቅሏል። በዚያው ዓመት ዋና ዲዛይነሯ ለቀቀች፣ በዲሴምበር ማቲዩ ብላዚ በቦታዋ ተሰየመ። ገቢው ሲያድግ ሁሉም የእሷ ነበር ማለት አልችልም፤ ሲወርድም እንዲሁ። የሰው ሀብት ሥራ ፍሬ በአንድ ዓመት ሒሳብ መዝገብ ውስጥ አይገባም። ይህ የሙያችን ፈተና ነው፤ ቦርድ ፊት ስንቀርብ አንገታችንን የሚያስደፋንም ይኸው ነው።

በ2024 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የተናገረችው ነገር አለ። ከከፍተኛ ኃላፊዎቿ ጋር ማይክሮሶፍትን ሊጎበኙ ሄዱ። ቻትጂፒቲን «ማይክሮሶፍትን እየጎበኘ ያለውን የሻኔል አመራር ሥዕል አሳየን» አሉት። ሱፍ ልብስ የለበሱ ወንዶችን ብቻ ሣለ። ከሻኔል ሠራተኞች 76 በመቶው ሴቶች ናቸው፤ ከደንበኞቹ 96 በመቶው። ቴክኖሎጂውን ለሚሠሩት ሰዎች ይህን እንዳነሳችባቸው ተናግራለች።

ይህን ሳነብ ሽንት ቤት የሌለው ፋብሪካ ትዝ አለኝ። እዚያም የጎደለውን ለማየት ዘርፉን ማወቅ አላስፈለጋትም። የሻይ ቅጠል የሚያውቁ ወንዶች ዓመታት ሠርተውበት አላዩትም።

ግን ሁሉም ነገር ይሻገራል ብዬ አልዋሽም። የአገሩ ሕግ አይሻገርም፤ እንደገና መማር ነው። የደመወዝ እርከን፣ የደኅንነት ደንብ፣ የማኅበሩ ታሪክ በየቦታው የተለየ ነው። ፋብሪካ ገብቶ የኬሚካል አደጋን የማያውቅ የሰው ሀብት ኃላፊ ሰው ሊያስጎዳ ይችላል። እነዚህ ግን ጥሩ ሰው በስድስት ወር የሚማራቸው ናቸው። የመሄድ፣ የማየትና የመጠየቅ ልማድ በስድስት ወር ሲመጣ አላየሁም።

አሁን የሥራ ማስታወቂያ ሳዘጋጅ «በተመሳሳይ ኢንዱስትሪ የሠራ/የሠራች» የሚለውን ሐረግ አውጥቼዋለሁ። ቃለ መጠይቁንም ቀይረነዋል። አመልካቹ መጀመሪያ ሁለት ሰዓት ፋብሪካውን ይዞራል፣ ያገኘውን ሰው ያነጋግራል። ከዚያ ተመልሶ ምን እንዳየ እንጠይቀዋለን። ባለፈው ከባንክ የመጣች አንዲት አመልካች ነበረች። ስለ ምርቱ ብዙም አልጠየቀችም። ቁጭ እንዳለች የመጀመሪያ ቃሏ «የሴቶቹ ሽንት ቤት በር ከውስጥ አይቆለፍም፤ ታውቃላችሁ?» የሚል ነበር።

አናውቅም ነበር።